ቻርሊ ወሎዬ በነበረበት ጊዜ

እሑድ፣ ታኅሣሥ 26

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ መነኻሪያ ደርሻለሁ። አውቶቡሱ የተነሳው 12 ተኩል ነው። ለምን እንደዘገየ የነገረን የለም። የበዓል ሰሞን መንገደኛም ብዙ አይጠይቅም፤ ወንበር ካገኘ ተመስገን ነው። ከእግሬ ሥር ሁለት ፌስታል፣ ጭኔ ላይ ላፕቶፕ። ላፕቶፑን እንደ አራስ ልጅ አቅፌዋለሁ። ውስጡ ለአጎቴ የያዝኩት የገና ስጦታ አለ። ፊልም ነው።

ደሴ ያደግን የሰፈራችን ልጆች ገና ሲባል ትዝ የሚለን ዶሮው ብቻ አይደለም። ቻርሊ ቻፕሊንም ነው። ቻርሊን ከገና ጋር ምን አገናኘው የሚል ካለ ትንሽ ይታገሠኝ፤ ደሴ ስንደርስ ይገባዋል። ባለፈው ወር አጎቴን ስልክ ላይ «ጋሼ፣ የቻርሊ የሕይወት ታሪክ እኮ በፊልም ተሠርቷል» አልኳቸው። ፊልሙ አዲስ አይደለም። ሪቻርድ አተንቦሮ እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጣው ነው። እሳቸው ግን አልሰሙም። ትንሽ ዝም አሉና «ይዘሽው ነይ» አሉኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ «ለበዓል እመጣለሁ» እያልኩ የቀረሁት ሴትዮ በዚህች ሁለት ቃል ትኬት ቆረጥኩ።

ደብረ ብርሃን ለቁርስ ወረድን። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። የጾም ፍርፍር፣ በላዩ ላይ ሁለት ሻይ። ከዚያ ጣርማ በር። ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ ውስጥ ስንገባ ሁሌም እንደማደርገው ትንፋሼን ያዝኩ። ልጅ ሆነን ዋሻው እስኪያልቅ ሳይተነፍስ የወጣ የተመኘው ይደርስለታል ይባል ነበር። ዛሬም አልቻልኩም። ከዋሻው ወጥቶ ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና ሲወርድ ሰው ሁሉ ጃኬቱን ማውለቅ ይጀምራል። መስኮቱ ሥር የቆሎ ሻጮቹ እጅ ይደረደራል። ገዛሁ። የደብረ ሲና ቆሎ ሳይይዙ ወሎ መግባት ባዶ እጅ መግባት ነው።

ሸዋ ሮቢትን ካለፍን በኋላ ረዳቱ ከፊት ያለችውን ስክሪን አበራት። ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ መጡ። አውቶቡሱ ነቃ። ከጎኔ የተቀመጡት ሰውዬ እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሱም ነበር። ሀብቴ ገና አፉን ሳይከፍት ሳቁ።

«የበዓል ዋዜማ ማለት እነዚህ ነበሩ» አሉኝ። «ሰፈር ውስጥ ቴሌቪዥን ያለው አንድ ቤት ነው። እዚያ እንጎርፋለን። ሴትየዋ ጫማ አውልቁ ይላሉ። ሲያልቅ የራስህን ጫማ ካገኘህ እሰየው።»

ወሬው ወደ አለባቸው ተካ ሄደ። ከልመንህ ታደሰ ጋር የሠሯቸውን፣ ከዚያም አለቤ ሾውን አነሱ። በመኪና አደጋ መሞቱን ሲያነሱ ድምፃቸው ወረደ። «ስለ አለቤ ፊልም ቢሠሩ ሥራዬን ጥዬ ነው የማየው» አሉ።

«ሕይወቱን ነው ወይስ ቀልዱን ማየት የሚፈልጉት?» አልኳቸው።

«ልዩነት አለው እንዴ?»

እኔም መልስ አልነበረኝም። ሰንበቴ ላይ የእሑድ ገበያው መንገዱን ዘግቶት ነበርና ሁለታችንም ወደ መስኮቱ ዞርን።

ከከሚሴ አለፍ ብለን ጎማ ተነፈሰ። መለዋወጫው ጎማ ሲወርድ እሱም የተነፈሰ ሆኖ ተገኘ። ሹፌሩ ረዳቱን አየ፣ ረዳቱ ሰማዩን አየ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁለት ሰዓት ተኩል ልተወው። ኮምቦልቻ የገባነው ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ቀርቷታል፤ ግን ሐረጎን በጨለማ መውጣት አልፈለግሁም። ጓደኛዬ ቤት አደርኩ። ልጆቿን ቻርሊ ቻፕሊንን ታውቁታላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ትልቁ «የሚስተር ቢን አባት ነው?» አለኝ። በጣም አልተሳሳተም።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 27

ጠዋት ሚኒባስ ይዤ ሐረጎን ወጣሁ። ኮምቦልቻ ሞቃት ናት። ጠመዝማዛውን ስትወጪ መጀመሪያ ጆሮሽ ይደፈናል፣ ቀጥሎ ብርዱ ይመጣል፣ ቀጥሎ ጦሳ ይታያል። ጦሳ ከታየ ደሴ ነው።

አክስቴ በር ላይ ሳሙኝና ዕቃዬን እንኳ ሳላስቀምጥ ሰኞ ገበያ ይዘውኝ ሄዱ። ሁለት ዶሮ ተገዛ። ዋጋውን አልጽፈውም፤ አጎቴ ያነቡታል። አንዱ ዶሮ ለእኛ ነው፣ አንዱ ለሐጂ። ሐጂ በራሳቸው እጅ፣ በራሳቸው ሥርዓት ያርዱታል። ለአረፋ ደግሞ እሳቸው ለአክስቴ በግ ሳይታረድ እግሩን አስረው ይልካሉ። እኔ ከማስታውሰው ጀምሮ እንዲሁ ነው።

አሁን ስለ ሐጂ ላውራ። ያለሳቸው ቻርሊ የለም።

በ1980ዎቹ ሐጂ ሸዋ በር አካባቢ ቪዲዮ ቤት ነበራቸው። ጠባብ ክፍል ናት። አግዳሚ ወንበር፣ በብርድ ልብስ የተሸፈነ መስኮት፣ ጥግ ላይ የካሴት ማጫወቻ ዴክና ቴሌቪዥን። መግቢያው 50 ሳንቲም። በአዘቦት ቀን የሕንድ ፊልም ነው። ለበዓል ግን፣ የገናም ይሁን የአረፋ፣ ሕፃናት ሳንቲም ስለሚይዙ ሐጂ ወንድማቸው ከጅዳ ያመጣላቸውን ካሴት ያወጣሉ። ጎልድ ረሽ ይባላል፤ ቻርሊ እ.ኤ.አ. በ1925 የሠራው፣ አላስካ በረዶ ውስጥ ወርቅ ፍለጋ የሚንከራተትበት።

ሐጂ ድምፁን ይዘጉታል። «የሚለፈልፍ ፈረንጅ አለበት፣ ማን ይሰማዋል» ይላሉ። ከዚያ ከቴሌቪዥኑ ጎን በርጩማ ላይ ይቀመጡና ራሳቸው ይናገራሉ። የሁሉንም ድምፅ። ግዙፉ ሰውዬ ሲመጣ ከሆዳቸው ያወጡታል። ለቆንጆዋ ሴት ቀጭን ድምፅ አላቸው። ቻርሊ ግን የሰፈራችን ሰው ነው። በሩን ነፋሱ ገፍቶ ሲያስወጣው «አብሽር፣ እንግዳ ነኝ፣ የሰኞ ገበያ መኪና አምልጦኝ ነው» ይላል። ሴትየዋ ስታልፈው «እታለም፣ ቡና አፍልተሽ ነበር እንዴ?» ይላል። ስምንት ዓመት እስኪሞላኝ ቻርሊ አማርኛ የሚናገር ይመስለኝ ነበር። ያውም የወሎ አማርኛ።

በዱላው ጌታዬ የሚባለውን ሰው ሁሉ ይጎሽማል። ያኔ ሐጂ እጃቸውን ያነሳሉ፣ እኛ በአንድ ድምፅ እንጮሃለን፦ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ!» ዱላዋም ለእኛ የገና ዱላ ናት። ሌላ ስም አልነበራትም።

ዛሬ ማታ ሐጂን ልጠይቃቸው ሄድኩ። ፂማቸው ነጭ ሆኗል። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ምላሳቸውን ግን ምንም አላመመውም። «አጎትሽን ጠይቂልኝ» አሉ ገና ሳልቀመጥ። «ካሴቴን መቼ ነው የሚመልሰው?»

አጎቴ ካሴቱን በ1989 ለአንድ ሌሊት ተከራይተውት ነበር።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 28

ካሴቱ አለ። ይኼ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ደሴ ሲገባ አክስቴና አጎቴ ወጥተው ነበር። ሲመለሱ ቤቱ ተዘርፏል። ቴሌቪዥኑ የለም፣ ብርድ ልብሱ የለም፣ የአክስቴ የወጥ ድስት እንኳ የለም። ካሴቱ ግን ወለሉ ላይ ተጥሎ ተገኘ። ማንም አልፈለገውም። «ሌባም ዘመናዊ ሆኗል» ይላሉ አጎቴ።

ችግሩ ዴክ ነው። ፒያሳ ሦስት ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ቤት ገባሁ። አንደኛው ወጣት ካሴቱን አገላብጦ አይቶ «ይኼ ሃርድ ዲስክ ነው?» አለኝ። አራተኛው ቤት ፀጉራቸው የሸበተ ሰው አገኘሁ። ካሴቱን ሲያዩ ፊታቸው በራ። ከመደርደሪያው ሥር፣ ከአሮጌ ራዲዮኖች ኋላ፣ አቧራ የለበሰ ዴክ ጎትተው አወጡ።

ሲሠሩ ቆሜ አየሁ። የካሴቱን ክዳን በአውራ ጣታቸው ገለጥ አደረጉ። ጥቁሩ ጥብጣብ ጠርዙ ላይ ነጭ ሻጋታ ይዟል። በደረቅ ጨርቅ፣ ስንዝር በስንዝር፣ እየጎተቱ ጠረጉት። የዴኩን ክዳን በአራት ብሎን ፈቱ። መሐሉ ላይ የምታበራ ክብ ብረት አለች፤ «ሄድ» የምትባለው። ነጭ ወረቀት በአልኮል አርሰው ወረቀቷን በአንድ ጣት ደገፍ አድርገው ብረቷን በሌላው እጃቸው ቀስ ብለው አሽከረከሯት። ወረቀቷ ቡናማ ሆና ወጣች። «የሃያ ዓመት ቆሻሻ ነው» አሉ። ከዚያ ሦስቱን ገመድ ሰጡኝ። ቢጫው ለምስል፣ ቀይና ነጩ ለድምፅ። ዴኩን ለሁለት ቀን አከራዩኝ። መታወቂያዬን ያዙ። ሐጂ ይኼን ጥንቃቄ በ1989 ቢያውቁት ኖሮ።

ማታ ዋዜማ ቡና ተፈላ። ሐጂም መጡ። እኔ ከተማ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ወሬ ይጠበቅብኛል። ስለዚህ ቻርሊ የሞተው በፈረንጅ ገና ቀን መሆኑን ነገርኳቸው፤ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 25፣ 1977። በእኛ ታኅሣሥ 16፣ 1970።

አጎቴ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። በ1970 አዲስ አስተማሪ ነበሩ። «በዚያ ዓመት ሰው የራሱን ነፍስ እንጂ የቻርሊን አይጠይቅም ነበር» አሉ። ሌላ ነገር አልጨመሩም፣ ማንም አልጠየቀም።

ጨዋታውን ለመመለስ የአስከሬኑን ታሪክ አነሳሁ። ስዊዘርላንድ ከተቀበረ ከሁለት ወር በኋላ ሁለት ሰዎች ሬሳ ሣጥኑን ቆፍረው አወጡት። ገንዘብ አምጡ አሉ። ባለቤቱ አልከፍልም አለች። ፖሊስ ሰዎቹን ያዘ፣ ሣጥኑም በግንቦት ወር የበቆሎ ማሳ ውስጥ ተቀብሮ ተገኘ። መልሰው ሲቀብሩት በሲሚንቶ ደፈኑት።

አክስቴ አማተቡ።

ሐጂ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «ሞቶም ያሯሩጣቸዋል!»

በረካው ሳይጠጣ አልተነሳንም። አጎቴና አክስቴ ለቅዳሴ መድኃኔዓለም ሄዱ። እኔ ገመድ ስሰካ አመሸሁ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 29

ገና ረቡዕ ቢውልም ጾም የለም። ዶሮው ከነሙሉ ክብሩ ቀረበ። ድፎው የሰፌድ ያህል ነው። ልጆቹ፣ የአክስቴ የልጅ ልጆች፣ አራት ናቸው። ትልቁ 12 ዓመቱ ነው። ሐጂ ከራሳቸው ቤት በልተው ለዳቦና ለቡና መጡ። 8 ሰዓት ላይ ፊልሙን ከላፕቶፑ ወደ ቴሌቪዥኑ አገናኘሁ። ክፍሉ ሞላ።

የመጀመሪያው ጩኸት ከልጁ ነው። «አይረን ማን!»

እውነቱን ነው። ቻርሊን የሚሠራው በኋላ አይረን ማንን የሠራው ሮበርት ዳውኒ ጁኒየር ነው። ያኔ የ27 ዓመት ወጣት ነበር። ለኦስካር ታጭቶ በአል ፓቺኖ ተሸነፈ። ልጁ ግን ለሩብ ሰዓት ያህል ብረት ልብሱን መቼ እንደሚለብስ ጠበቀ። እንደማይለብስ ሲያውቅ ወጣ። ሌሎቹ ተከተሉት።

ሐጂ በርጩማ ተቀምጠው ሊተርኩ ሞክረው ነበር። አልሆነላቸውም። ሰዎቹ ያወራሉ። ሲያወሩ ጣልቃ መግባት አይመችም። «ይኼ ቻርሊ አፍ አለው» አሉ። እሳቸውም ሶላት ደርሶባቸው ሄዱ።

ፊልሙን ልነቅፍ አልፈልግም፣ ግን እውነት ለመናገር አንድ በዓል ቀን የሚታይ አይደለም። ሁለት ሰዓት ከሩብ ያልፋል። ሰውዬው አራት ጊዜ ያገባል፣ ፍርድ ቤት ይመላለሳል፣ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1952 አትመለስ ትለዋለች። አርጅቶ ከአንድ የመጽሐፍ አዘጋጅ ጋር ተቀምጦ ሕይወቱን ይተርካል። ያ አዘጋጅ በእውነተኛው ዓለም አልነበረም፣ ለፊልሙ የተፈጠረ ነው። እኔ ራሴ መሐል ላይ ስልኬን አየሁ። ዱላዋን የሚጠብቅ ሰው ብዙ ይጠብቃል።

አጎቴ ግን አልተነሱም። መጀመሪያ ላይ ለንደን ውስጥ እናቱ ስትታመም፣ ቻርሊና ወንድሙ የድሆች መጠለያ ሲገቡ ወደ ፊት ጠጋ አሉ። ገና ሰባት ዓመቱ ነበር። እናትየው አእምሮዋ ተነክቶ ስትወሰድ፣ «ይቺ ሴትዮ ማን ናት?» አሉኝ።

«ጄራልዲን ቻፕሊን ናት ጋሼ። የቻርሊ የራሱ ልጅ። አያቷን ሆና ነው የምትሠራው።»

«የገዛ አያቷን?»

«አዎ።»

ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ዝም እንዳሉ መብራት ጠፋ።

ቴሌቪዥኑ ጨለመ። ላፕቶፑ ባትሪ ነበረው። እኔና አጎቴ ጉልበታችን ላይ አድርገን የቀረውን ሁለታችን ጨረስነው። የፊልሙ መጨረሻ እ.ኤ.አ. 1972 ነው። አሜሪካ ከ20 ዓመት በኋላ ጠርታው ኦስካር ትሰጠዋለች። በእውነተኛው ሥነ ሥርዓት አዳራሹ ቆሞ 12 ደቂቃ ያህል አጨብጭቦለታል ይባላል። ፊልሙ ውስጥ ሽማግሌው ከመጋረጃ ኋላ ሆኖ የድሮ ፊልሞቹን ቁርጥራጭ ያያል። እውነተኛውን ቻርሊ። አጎቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ሳቁን ሰምተው ልጆቹ ከግቢ እየሮጡ መጡ፣ ከትከሻችን በላይ ተንጠለጠሉ። ቻርሊ ወደቀ፣ ቻርሊ ተነሳ። ከዚያ አለቀ።

«ድገሚው» አለ ትንሹ።

11 ሰዓት ላይ መብራት መጣ። ሰፈሩ «መጣ!» ብሎ ጮኸ። ሐጂም መጡ። ካሴቱን ዴኩ ውስጥ አስገባሁ። ዴኩ አጉረመረመ፣ ምስሉ ሁለት ጊዜ ተንሸራተተ፣ ቆመ። በረዶው መጣ። ረጅሙ የወርቅ ፈላጊዎች ሰልፍ። ድምፁን መዝጋት ረስቼ ነበርና የሐጂ ለፍላፊ ፈረንጅ ማውራት ጀመረ።

ሳዳምጠው ክው አልኩ።

ጎልድ ረሽ ሲወጣ ድምፅ አልባ ነበር። ቻርሊ ግን እ.ኤ.አ. በ1942 እንደገና ሲያወጣው ጽሑፎቹን አወጣቸው። ሙዚቃ አስገባበት። ታሪኩንም በራሱ ድምፅ ተረከው። ይኼን አንብቤ አውቃለሁ። የእኛ ካሴት ያኛው መሆኑን ግን አላውቅም ነበር። ማን ድምፁን ከፍቶት ያውቃል?

«ሐጂ» አልኩ፣ «ይኼ የሚለፈልፈው ፈረንጅ ራሱ ቻርሊ ነው።»

«የቱ?»

«የሚተርከው። እርስዎ ድምፁን የሚዘጉበት ሰውዬ። ራሱ ቻርሊ ነው፣ እንደ እርስዎ ከጎኑ ተቀምጦ ፊልሙን እያወራ ነው።»

ሐጂ ጆሯቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠጉ። ትንሽ ሰሙ። ቀና አሉ። «ከኔ ነው የቀዳው» አሉ።

አጎቴ እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ሪሞቱን ከእጄ ወሰዱና ድምፁን ዘጉት። «በል እንግዲህ» አሏቸው። ሐጂ በርጩማቸውን ሳቡ። ቻርሊ ከጎጆው በር ብቅ አለ።

«አብሽር፣ እንግዳ ነኝ፣ የሰኞ ገበያ መኪና አምልጦኝ ነው።»

ልጆቹ ተንከባለሉ። አይረን ማን የሚለውም ጭምር። ቻርሊ ትልቁን ሰውዬ ባጋጨው ቁጥር እኔና አክስቴ ጮህን፤ ሦስተኛው ላይ ልጆቹም ያዙት፦ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ!»

ከዚያ ጫማው ደረሰ።

ያላየው ካለ፦ ቻርሊና ጓደኛው በበረዶ ተከበው ጎጆ ውስጥ ይራባሉ። ቻርሊ አንድ እግር ጫማውን ቀቅሎ በሳህን ያቀርበዋል። ማሰሪያውን እንደ ፓስታ ይጠቀልላል። ሚስማሩን እንደ አጥንት ይግጣል። ለቀረጻ ጫማው ከጥቁር ከረሜላ ነበር የተሠራው።

እኔ ሕፃን ሆኜ፣ ከዚያም በኋላ በየዓመቱ፣ ጫማው ሲደርስ አጎቴ ከክፍሉ ይወጣሉ። ውኃ ልጠጣ ይላሉ። ማንም ነገሬ ብሎ አያውቅም፤ እኔም አዋቂ ሆኜ ነው ያስተዋልኩት። ዛሬም ድስቱ ሲወጣ ሳላስበው ወደሳቸው ዞርኩ። አክስቴም ዞሩ። ሐጂ ትረካቸውን አቋረጡ።

አጎቴ ተቀምጠዋል። ቻርሊ ቆረሰ፣ ቀመሰ፣ አሰበ።

«ትንሽ በርበሬ ቢነካው ጥሩ ነበር» አሉ አጎቴ።

ቤቱ ፈረሰ። ሐጂ ከበርጩማው ሊወድቁ ነበር። አክስቴ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ሲስቁ ነው ሲያለቅሱ አላውቅም፣ አልጠየቅሁም።

ቀጥሎ የፈረንጅ አዲስ ዓመት ዋዜማ ግብዣው አለ። ቻርሊ ሻማ አብርቶ ሴቶቹን ይጠብቃል፣ አይመጡም። እንቅልፍ ይወስደዋል፣ በሕልሙ ሁለት ዳቦ በሹካ ወግቶ እንደ እግር ያስጨፍራቸዋል። አጎቴ ድሮ ይኼን በመፋቂያና በድፎ ቁራሽ ይሠሩልን ነበር። ዛሬ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ትንሹ ልጅ ሁለት መፋቂያ አምጥቶ ሞከረ። አንዱ እግር ወደ ዶሮው ወጥ ዘለለ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 30

ጠዋት ዴኩን መለስኩ፣ መታወቂያዬን ተቀበልኩ። አጎቴ እስከ መነኻሪያ በእግር እንሂድ አሉ። ቁልቁለቱ ላይ ቀስ እያልን ጠየቅኋቸው። ስለ ጫማው።

ወዲያው አልመለሱም። በ77 ድርቅ ጊዜ ከትምህርት ቤት ተመድበው ባቲ መጠለያ ሄደው ነበር፤ እህል ለማከፋፈልና ስም ለመመዝገብ። አንድ ሰው ከቆላ ቤተሰቡን ይዞ መጣ። በጨርቅ የጠቀለላት ነገር ነበረችው። ሲፈትሹት የአልጋ ጠፍር ነው። ቀቅለውት እየበሉ ነው የመጡት። ግማሹ ቀርቷል። ለምን አትጥለውም፣ አሁን እህል አለ ሲሉት «ይቆይልኝ» አለ።

«ቻርሊ ሚስማሩን ሲልሰው አይተሽዋል?» አሉኝ። «እንደዚያ ነው የያዘው። አክብሮ። መጀመሪያ ሳየው ይኼ ፈረንጅ ምን አውቆ ይቀልዳል ብዬ ተናድጄ ነበር።»

ቻርሊ ያቺን ትዕይንት የሠራት እ.ኤ.አ. በ1846 በበረዶ ተከበው ጫማቸውን ስለበሉ ተጓዦች አንብቦ መሆኑን ነገርኳቸው። እጃቸውን አወዛወዙ።

«አንብቦ አይደለም። ትናንት አየሁት እኮ። ሰባት ዓመቱ ነው።»

መነኻሪያው ጋ ስንደርስ አክስቴ ግማሽ ድፎ በነጠላ ቋጥረው ቆመዋል። ሐጂም በምርኩዛቸው መጥተዋል። አውቶቡሱ ውስጥ ገብቼ መስኮቱን ከፈትኩ። አጎቴ ከኮታቸው ውስጥ ካሴቱን አውጥተው አቀበሉኝ። ጀርባው ላይ በጥቁር እስክሪብቶ፣ በአስተማሪ እጅ ጽሑፍ «ለበዓል ብቻ» ይላል።

«ወደ ኮምፒውተር አስገልብጪው» አሉ። «እዚህ ሻጋታ ይበላዋል።»

ሐጂ ምርኩዛቸውን አነሱ። «የማንን ካሴት ነው የምትሰጠው?»

«ያንተን።»

«ኪራዩስ?»

«ስንት ሆነ?»

ሐጂ ጣታቸውን መቁጠር ጀመሩ። ከ1989። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ 1996 ላይ ደርሰው ነበር።